ሴንት በርናርድ ደሴ ላይ፦ ቡችላውን ከማምጣታችሁ በፊት

ሴንት በርናርድ የሚባለው ግዙፍ ውሻ ያደገበት፣ ስዊዘርላንድን ከጣሊያን የሚያገናኘው የተራራ በር ከባሕር ጠለል በላይ 2,469 ሜትር ላይ ነው። ደሴም 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። በከፍታ እኩል ነን ማለት ይቻላል። እዚያ ግን በረዶው መንገዱን በየዓመቱ ለብዙ ወራት ይዘጋዋል፤ እኛ ጋ ክረምት ላይ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ያረፍዳል፣ ብርዱም ጋቢ የሚመልሰው ነው። "የበረዶ አገር ውሻ እዚህ ይኖራል ወይ?" ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ደሴ ላይ አዎ፤ ኮምቦልቻ ላይም ይኖራል፣ ግን ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ደሴ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቀኑን የምውለው ከበግ፣ ከላምና ከአህያ ጋር ነው፤ ማታ ቤት ስገባ የምትቀበለኝ ደግሞ ጦሳ ያልናት ሴንት በርናርድ ናት። ፎቶውን ስልካቸው ላይ ያዩ ወጣቶች "ዶክተር፣ አንድ ቡችላ ከአዲስ አበባ ልናስመጣ ነው፣ ምን ትመክሪናለሽ?" እያሉ ይመጣሉ። መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ምግብም ስለ ክትባትም አይደለም፤ ስለ መነኮሳቱ ነው። የዚህ ውሻ ጠባይ ከታሪኩ የወጣ ነው። ታሪኩን ያላወቀ ሰው ጠባዩን እንደ ጉድለት ይቆጥርበታል።

በ11ኛው ምዕተ ዓመት የአኦስታው ሊቀ ዲያቆን በርናርድ በዚያ በር ላይ ለመንገደኛ ማረፊያ የሚሆን ገዳም አቋቋመ። ከጣሊያን ወደ ሰሜን የሚሻገር ነጋዴም፣ ተሳላሚም፣ ወታደርም በዚያ ያልፋል፤ በረዶና ጉም ያስቀረው ሰውም ብዙ ነው። መነኮሳቱ ከሸለቆው ገበሬዎች ትልልቅ ውሾችን እያመጡ ማርባት የጀመሩት በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ሲሆን የመጀመሪያ ዓላማቸው ጥበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1695 ጀምሮ በሥዕል፣ ከ1707 ጀምሮ ደግሞ በገዳሙ መዝገብ ላይ ይገኛሉ። መነኮሳቱ መንገደኛ ለመቀበልና ለመሸኘት ሲወጡ ውሾቹን ማስከተል ጀመሩ። ያኔ ነው ትልቁ ነገር የታየው፤ ውሾቹ በጉም ውስጥ መንገድ አይስቱም፣ በደረታቸው በረዶውን እየገፉ ለሰው ዱካ ይከፍታሉ፣ በረዶ የቀበረውንም ሰው በማሽተት ያገኙታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ምዕተ ዓመታት ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው እንዳዳኑ ይነገራል።

ከሁሉም ስሙ የገነነው ባሪ ነው። የተወለደው በ1800 ሲሆን ናፖሊዮን ሠራዊቱን ይዞ በዚያው በር የተሻገረውም በዚያው ዓመት ነው። ከ40 በላይ ሰው አድኗል ይባልለታል። በ1812 አርጅቶ ወደ በርን ከተማ ተወሰደ፣ በ1814 ሞተ፤ ገላው እስከ ዛሬ በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቆ ይታያል። የመጨረሻው ያዳነው ሰው ተኩላ መስሎት ገደለው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ባሪ በእርጅና ነው የሞተው። አንገቱ ላይ የአረቄ በርሜል ያንጠለጠለው ምስልም የመጣው በ1820 አንድ ወጣት እንግሊዛዊ ሰዓሊ ከሣለው ሥዕል ነው። እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልጨምር፦ በብርድ ለደነዘዘ ሰው አረቄ መስጠት ጉዳት ነው፤ የቆዳውን የደም ሥሮች እያሰፋ የቀረችውን ሙቀት ያወጣበታል።

ባሪ ዛሬ ከምናያቸው ዘሮቹ በጣም ያነሰ ነበር። ከእሱ በኋላ በመጡት ከባድ የበረዶ ወራት ከገዳሙ ውሾች ብዙዎቹ አለቁ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ዘሩን ለማጠናከር ኒውፋውንድላንድ ከሚባለው ባለ ረጅም ፀጉር ውሻ ጋር ተዳቀሉ። ረጅሙ ፀጉር ግን በረዶ እየቋጠረ ለተራራ ሥራ አልሆነም፣ ባለ ረጅም ፀጉሮቹ ወደ ሸለቆው ወርደው ለሰው ተሰጡ። አሁንም ዘሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ አጭር ፀጉርና ረጅም ፀጉር። ለወሎ ጭቃና ለኮምቦልቻ ሙቀት ምረጡ ካላችሁኝ አጭሩን እላለሁ። የስዊዘርላንድ የውሻ ዘር መዝገብ በ1884 ሲከፈት መጀመሪያ የሰፈረው ሴንት በርናርድ ነበር። በ1887 ደግሞ የአገሪቱ ዘር ተብሎ በይፋ ታወቀ፣ መለኪያውም ያኔ ጸደቀ። ዛሬ ነፍስ አድን ሥራውን ሄሊኮፕተር ወስዶታል፤ ከ2005 ወዲህ የገዳሙን ውሾች የሚያረባው ማርቲኚ ከተማ ያለው የባሪ ፋውንዴሽን ነው።

እንግዲህ ጠባዩ

ዘበኛ ፈልጋችሁ ከሆነ አታምጡት። ይህን አስረግጬ የምናገረው በሰንሰለት ታስረው ሲደበሩ፣ "አይነክስም፣ ምን ያደርግልኛል?" ተብለው ሲጣሉ ስላየሁ ነው። ለዘመናት ሲመረጥ የኖረው የማያውቀውን ሰው እንዲፈልግ፣ አጠገቡ እንዲተኛና እንዲያሞቅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ተነሥቶ ሄዶ የሚያሸተው ለዚህ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ነው፣ ቁመናውም ሌባን ያሳስባል፤ ከዚያ አልፎ ቁጡ እንዲሆን መጎነጥ ግን 70 ኪሎ የሚመዝን አደጋ መሥራት ነው።

ከሰው መለየት አይወድም። ጦሳ እኔ ጀበና ሳቀርብ መጥታ እግሬ ላይ ትደገፋለች፤ ክብደቷን ሁሉ ትጥልብኛለች። ጅራቷ ደግሞ ልክ ረከቦቱ ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ ሲኒውን ከማቀርብ በፊት ቦታዋን አስይዛታለሁ። በልጆች ላይ ትዕግሥቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ሳያስበው ዞር ሲል የሦስት ዓመት ሕፃን ይጥላል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውሻውንና ልጁን ብቻቸውን አይተዋቸው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ገና ሲነሣ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ያየውንና የሰማውን ዕድሜ ልኩን አይፈራውም። ቡችላውን ታቅፋችሁ፣ ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት ሳታስነኩት፣ ባጃጅ አሳዩት፤ እንጨት የጫነች አህያ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ነጭ የለበሱ እናቶች ይይ። አዛንም የቤተ ክርስቲያን ደወልም በቅርብ ይስማ። ገመድ ሳይጎትት መራመድንና ሰው ላይ አለመዝለልን አራት ወር ሳይሞላው ይልመድ። አሥር ኪሎ ሆኖ ሲዘልባችሁ የሚያስቀው ነገር ስድሳ ኪሎ ሆኖ አሮጊት ላይ ሲዘል ዳሌ ይሰብራል። ዱላ አያስፈልገውም፤ በዱላ የተማረ ይደነብራል ወይም ይደርቃል። ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ በአካልም በጠባይም ሙሉ የሚሆነው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ምግብ

ለወንዱ የቁመት መለኪያው ትከሻ ላይ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴቷ ከ65 እስከ 80 ነው። ያደገ ወንድ ብዙ ጊዜ ከ64 እስከ 82 ኪሎ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ አካባቢ ሆኖ ተወልዶ በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ መድረሱ ለአጥንቱ ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ የባለቤቱ ሥራ እድገቱን ማፋጠን ሳይሆን መያዝ ነው። ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ ይገኝ፤ ክብ ያለ ቡችላ ያምራል፣ ግን ዳሌውና ክርኑ ይበላሻሉ።

በተለይ ካልሲየም። "አጥንቱ እንዲጠነክር" እያሉ ወተት፣ የአጥንት ዱቄትና የካልሲየም ሽሮፕ የሚሰጡ አሉ። ቡችላ ከአንጀቱ የሚገባውን ካልሲየም እንደ ትልቅ ውሻ መመጠን አይችልም፣ ብዙ ሲሰጠው ብዙ ይወስዳል፣ አጥንቱም ይጣመማል። እስከ ዓመት ተኩሉ ድረስ ለግዙፍ ዘር ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ መኖ ግዙለት፣ ከዚያ ላይ ምንም አትጨምሩ። ውድ ነው፤ የሚያስመጡ ሱቆች በብዛት ያሉትም አዲስ አበባ ነው። ቤት የተሠራ ምግብ ብቻ ልትሰጡት ካሰባችሁ ሐኪም መጠኑን አስልቶ ይጻፍላችሁ፣ ሥጋና ሩዝ ብቻውን ደግሞ በተቃራኒው ካልሲየም ያጎድልበታልና።

ካደገ በኋላ ነገሩ ይቀላል። ደረቅ መኖ ከሆነ በቀን ከ800 ግራም እስከ አንድ ኪሎ፣ የተቀቀለ ከሆነ ከሁለት ኪሎ በላይ ይፈልጋል፤ ሩዝ ወይም በቆሎ፣ ሥጋ፣ ካሮት፣ ዱባ። ደሴ በዚህ በኩል ትመቻለች፤ በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የሙስሊሞቹ ክፍት ናቸው፣ በረመዳን ቀን የተዘጋውም ማታ ይገኛል።

የተረፈ ወጥ አትስጡት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስሉም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ዘቢብና ቸኮላትም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጥሬ ሳንባና ጉበት ነው። በአረፋና በፋሲካ ማግሥት ጎረቤት ሁሉ በደግነት "ለውሻሽ" ብሎ ይዞ ይመጣል። የበጋችን ሳንባና ጉበት ላይ ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዓይነት ጥገኛ እጭ ነው፤ ውሻ ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይደርሳል፣ በሰው ጉበትና ሳንባም ውስጥ ዕጢ እያበጀ ለዓመታት ያድጋል። ከረጢት ያለውን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የቀረውን ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉት። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒትም በየሦስት ወሩ ይውሰድ።

የሆድ መነፋት

ይህን ክፍል ቤተሰቡ ሁሉ ያንብበው። ደረተ ጥልቅ ግዙፍ ውሻ ጨጓራው በአየር ይነፋና በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል። የሚገባውም የሚወጣውም ይዘጋል፣ ደም ይቋረጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ምልክቱ ይህ ነው፦ ሆዱ ይወጠራል፣ ለማስመለስ ያጓራል ግን ምንም አይወጣም፣ ለሃጩ ይበዛል፣ ይነሣል ይተኛል፣ ቦታ አይይዝም፣ ድዱ ይገረጣል። የኛ ሰው ከብት እርጥብ ሣር በልታ ስትነፋ ዘይት ማጠጣትን ያውቃል፤ ለውሻም ያንኑ ለማድረግ ይሞክራል። አታድርጉት። የተጠመዘዘ ጨጓራ ውስጥ ዘይቱ አይገባም፣ ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። መድኃኒቱ ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ቡችላውን ሳታመጡ፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሌሊት ተጠርቶ ውሻ የሚቀድ ሐኪም ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ስልኩን ያዙ። ሴቷን የምታስመክኑ ከሆነ በዚያው ቀዶ ጥገና ጨጓራዋን ከሆድ ግድግዳዋ ጋር እንዲሰፋላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ቢነፋም አብዛኛውን ጊዜ አይጠመዘዝም።

ለመከላከል፦ እስከ አራት ወር በቀን አራቴ፣ ከዚያ ሦስቴ፣ ካደገ በኋላ ዕድሜ ልኩን ሁለቴ ይብላ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይሰጠው። የሚቻኮል ከሆነ ምግቡን ሰፊ ትሪ ላይ በትኑት። ከበላ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ሩጫ የለም።

ሙቀት፣ በተለይ ለኮምቦልቻ

ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ውሻው ደግሞ ልዩነቱን ከእኛ ቀድሞ ይሰማዋል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ኮምቦልቻ ላይ የሚያሳድግ ሰው ውሻውን ፀሐይ ሳትወጣና ከጠለቀች በኋላ ብቻ ያንቀሳቅሰው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የታሰረ ሴንት በርናርድ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ነው። ሊሾ ወለል፣ ዛፍ ጥላ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጎድል ውሃ፣ ከተቻለ የአየር ማራገቢያ ይኑረው። ፀጉሩን አትላጩት፤ ፀጉሩ ከፀሐይም ይከልለዋል። ምላሱ ከጠቆረ፣ ከተንገዳገደ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ሆዱና ብብቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ሐረጎን በመኪና ስትወጡና ስትወርዱ ባዶ ሆዱን ይሁን፤ ጠመዝማዛው ያስመልሰዋል።

ደሴ ላይ ችግሩ ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንገቱ ሥር ያለው እጥፋት ሳይደርቅ ይውልና ቆዳው ይቆስላል። ከዝናብ ሲገባ በፎጣ አድርቁት፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አበጥሩት፣ የዐይኑን ሥር በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በዚህ ዘር የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መገልበጥ የተለመደ ስለሆነ ዐይኑ ከቀላ አትዘግዩ።

ጎረቤት

ሴንት በርናርድ ለሃጫም ነው። ራሱን ሲያራግፍ ለሃጩ ግድግዳ ላይ ይደርሳል። ደሴ ውስጥ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ለብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የውሻ ለሃጭ ነጃሳ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል፤ ልብሱን የነካው ሰውም ሳያጥበው አይሰግድም። ለሱብሒ ሶላት ዉዱእ አድርጎ የወጣ አባት ላይ የእናንተ ውሻ በፍቅር ቢደገፍበት ፍቅሩ ለእሱ ችግር ነው።

እኔ ቡችላዋን ሳላመጣ አጠገባችን ያሉትን ሐጂ ሄጄ አማክሬያለሁ። "ልጄ፣ ለጥበቃና ለከብት የሚያዝ ውሻ አልተከለከለም፤ ብቻ መንገዳችንን ጠብቂልን" አሉኝ። ስለዚህ ጦሳ የምትወጣው ሰው ከመስጊድ ተመልሶ መንገዱ ነጻ ሲሆን ነው፤ ሁልጊዜ በገመድ፣ ሁልጊዜ ፎጣ በትከሻዬ፣ ኩሷንም በፌስታል አነሣለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አትቀርብም። የግቢ በር ሲከፈት ዘላ እንዳትወጣ ከውስጥ ሁለተኛ አጥር አለን። ይህን ማድረግ የማይችል ግቢ፣ በተለይ ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው የቀበሌ ቤት ግቢ፣ ለዚህ ውሻ ቦታ አይደለም።

ቀሪው

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜው ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ። በዚህ ድርድር የለም። ቡችላ የሚገድሉት የፓርቮና የዲስተምፐር ቫይረሶች ክትባት ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይሰጣል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። አርቢው ጋ ስትሄዱ እናቱን ቆማ ስትሄድ እዩ፤ ኋላዋ የሚንገዳገድ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ተመለሱ።

ማታ ቤት ይግባ። ጅብ ከተራራው ወርዶ ሰፈር ውስጥ ያልፋል፤ ሴንት በርናርድ በመጠኑ ጅብን ቢያክልም ተዋጊ አይደለም፣ ምናልባትም ሄዶ ሊያሸተው ይፈልጋል። መኝታው ከሲሚንቶ ከፍ ያለ ሳንቃ ይሁን፣ ላዩ ላይ ወፍራም ፍራሽ፤ ያለዚያ ክርኑ ያብጣል። እስከ ዓመት ተኩሉ ደረጃ አያመላልሱት፣ ከፒክአፕ ላይም ዘሎ አይውረድ።

ዕድሜው አጭር ነው፣ አብዛኞቹ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ይኖራሉ። የልብ ጡንቻ መድከምና የአጥንት ካንሰር በዚህ ዘር ይበዛሉ፤ ካለምክንያት ሳል ከጀመረ፣ ቶሎ ከደከመ ወይም በአንድ እግሩ ማነከሱ ካልተወው "አርጅቶ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

በየወሩ መዝኑት። የቤት ሚዛን አይችለውም፤ እኔ ጦሳን የምመዝናት የእህል ነጋዴ ጋ፣ ጆንያ በሚመዘንበት መሬት ላይ በሚቀመጥ ሚዛን፣ ጠዋት ገበያተኛ ሳይመጣ ነው። ኪሎውን ከነቀኑ ክትባት ደብተሩ ላይ ጻፉት። የትል መድኃኒቱም ማደንዘዣውም የሚሰጠው በኪሎ ነው፤ ሌሊት ሐኪም ስትጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም ያንን ቁጥር ነው።